ላሜራው አልታመመም



ባለፈው ሴሚስተር ፕሮጀክት ስናቀርብ አንዲት እህታችን የላሜራውን ውፍረት በእንግሊዝኛ ስትገልጽ «ሲክነስ 5 ሚሊሜትር» አለች። ውፍረት ልትል ፈልጋ በሽታ አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስሌቷ ትክክል ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጥያቄ ቢኖራትም እጇን ማውጣት ተወች።

ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት የሚለያቸው የመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ነው። በሽታ የሚለው በ«ሰ» ይጀምራል፤ ውፍረት የሚለው ደግሞ የምላስ ጫፍ ከላይና ከታች የፊት ጥርሶች መካከል ገብቶ በሚወጣ ድምፅ። አማርኛ ይህ ድምፅ የለውም። ስለዚህ አፋችን ወደሚቀርበው ወደ «ሰ» ይወስደዋል፤ ሁለት የነበሩት ቃላት አንድ ይሆናሉ።

ይህ የእውቀት ማነስ አይደለም። «ፀሐይ ሠረቀች» እና «ሌባው ሰረቀ» ስንል በፊደል ይለያያሉ እንጂ በጆሮ አንድ ናቸው። ዐረብኛ የቀራ ግን «ሸረቀ» ፀሐይ መውጣቷን፣ «ሰረቀ» ደግሞ ስርቆትን እንደሚናገር ያውቃል። እኛ ያጣነው ልዩነት እዚያ ዛሬም በአፍ አለ። «ሐዲስ» የምንለው ቃልም በዐረብኛ የሚያበቃው ባለ ሦስት ነጥቧ «ሳ» ነው። አዲስ ማለት የሆነው የግዕዙ «ሐዲስ» የዚሁ ቃል የሥር ዘመድ ነው፤ ግዕዝም ያንን ድምፅ ከጥንት ጀምሮ በ«ሰ» ተክቶታል። ታዲያ ሐዲስ ስንል ማን ይስቅብናል?

እዚህ አርባ ምንጭ ደግሞ ተራው የእኛ ነው። ጋሞኛም ኦሮምኛም «ደ»ን ከ«ዸ» ይለያሉ። በአማርኛ ያደግነው ግን ሁለቱንም «ደ» ብለን እናልፋለን። ሲቀላ ገበያ በጋሞኛ ልሞክር ስል እናቶች በትዕግሥት ደጋግመው ሲያርሙኝ እንጂ ሲያፍሩብኝ አላየሁም። የቋንቋው ባለቤቶችም ቢሆኑ አንድ አይደሉም፤ ለንደን ውስጥ ብዙ ሰው «ሦስት» እና «ነጻ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ አድርጎ ይጠራቸዋል።

«እንግዲያው ምን ቸገረን፣ እንዳመጣልን እንናገር» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ቢላል (ረ.ዐ) በአዛን ላይ «ሸ»ን «ሰ» ይሉ ነበር የሚለውንም ታሪክ ያነሳሉ። ይህን ታሪክ ግን እነ ኢማም አል-ሚዚና ኢብኑ ከሢር መሠረት የለውም ብለውታል። ቢላል ለአዛን የተመረጡት በድምፃቸው ማማር ነው። በቁርኣን ፊደል አማና ነው፤ «ቀልብ» ልብ ነው፣ «ከልብ» ውሻ ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስንቀርብም የምንለው እንዲገባ እንፈልጋለን። ስለዚህ መታረም አለብን። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

መልሱን መድረሳ የተቀመጥን ሁሉ እናውቀዋለን። ኡስታዛችን ባለ ሦስት ነጥቧን «ሳ» ሲያስተምሩን «የምላስህን ጫፍ አሳየኝ» ይሉ ነበር። አንዱን ልጅ አሥር ጊዜ ያስደግሙታል፤ የሳቀ ልጅ ካለ ተራው ወዲያው ወደ እሱ ይዞራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቁርኣንን እየተቸገረ የሚቀራ ሁለት አጅር እንዳለው አስተምረዋል። በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽም አላህ (ሱ.ወ) አንዱ በሌላው እንዳያላግጥ ከልክሏል። ያ የመድረሳ ድምፅና እህታችን ያቃታት የእንግሊዝኛ ድምፅ ደግሞ አንድ ናቸው። መኽረጁን ተምረነዋል፤ ሌክቸር ክፍል ስንገባ ግን እንረሳዋለን።

በቅርቡ እህታችንን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ሳቁን ትቼዋለሁ» አለችኝ፤ «ግን ለምን እንደሳቃችሁ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።» አፈርኩ። ሰላሳ ሰው ስህተቷን ሰምቶ አንድም ሰው አላረማትም።

ስለዚህ ለጀመዓችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ፕሮጀክት በሚቀርብበት ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ ግማሽ ሰዓት እንቀመጥ፤ ወንድሞች በወንድሞች፣ እህቶች በእህቶች ሐልቃ። እያንዳንዱ የሚያቀርበውን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ተጅዊድ የቀራ ደግሞ ምላሱን የት እንደሚያደርግ ያሳየው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ፈቃድም አያስፈልገውም። የመጀመሪያውን ቀን እኔ እገኛለሁ፣ ኢንሻአላህ፤ እኔም የማልለያቸው ቃላት አሉኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።