የጊታር መቺው ስም የት ተጻፈ?

በውጭ አገር የታወቀ የጊታር ተጫዋች የሠራው ይሰበሰብና፥ የተቀዳበት ቀንና ቦታ፥ የአጃቢዎቹም ስም ሳይቀር ተጽፎ በአንድ ሣጥን ይታተማል። በ1970 እ.ኤ.አ. በ27 ዓመቱ ለሞተው ለጂሚ ሄንድሪክስ እንዲህ ያለ ሣጥን በ2000 እ.ኤ.አ. ወጥቶለታል። ነገሩ ንግድ ቢሆንም መዝገብም ነው።

በአገራችንም አቶ አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸውን ሸክላዎች፥ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፓሪስ በወጣው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም ዳግመኛ እንዲደመጡ አድርጓል። ከዚያ የቀጠለው የካሴት ዘመን ግን ገና በሚገባ አልተሰበሰበም። ሰላም ሥዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንዶች ውስጥ ጊታር ሲመታ ብዙ ዘፋኞችን አጅቧል። መሐሙድ አሕመድን የሚያውቀው አድማጭ ሁሉ ግን የጊታር መቺውን ስም አያውቅም።

ሮሃ የላሊበላ ጥንታዊ ስም ነው። ላሊበላን የያዘው ሰሜን ወሎ በምሥራቅ በኩል ወደ ራያ ቆላ ወርዶ ቆቦን ይጨምራል። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶችም አምባሰልና ባቲ የወሎ ስሞች ናቸው። ታዲያ ለከተማው ባንድ ስምና ቅኝት ያዋሰው አገር የራሱን ድምፅ እንዴት ይዞታል? አማርኛ፥ ትግርኛ፥ ኦሮምኛና አፋርኛ በሚገናኙበት በራያ ምድር በሠርግ የተቀዳ ዘፈን በየቤቱ ይቀመጣል። የካሴት ክር ደግሞ ሙቀትና አቧራ ያበላሹታል። ቆቦም ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት ተፈራርቆባታል። ቤት ሲዘረፍ የጠፋውን ካሴት ማን ይቆጥራል?

የጥቅም ጉዳይም አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የከዋኙን መብት ያውቃል። ነገር ግን ስሙ ያልተመዘገበ መሣሪያ ተጫዋች መብቱን በምን ማስረጃ ይጠይቃል?

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከሣጥኑ ሳይሆን ከደብተሩ ነው። የባህል ጽሕፈት ቤት ወጣት ሠራተኛና ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚመለስ ተማሪ፥ ባለቤቱን አስፈቅደው ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። የዘፋኙን፥ የጊታር፥ የክራርና የማሲንቆ መቺውን ስም፥ ቅኝቱን፥ ቀኑንና ቀበሌውን ይጻፉ። አንዱን ቅጂ በቆቦ፥ ሌላውን በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ቢያስቀምጡ፥ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። ስሙን የሚያስታውሱ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ ይህ ቢጀመር መልካም ነው።