ልጥፉን አንውቀስ

ሰሞኑን አንድ የአገር ልጅ ደወለልኝ። ወደ አሜሪካ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው፣ በቢስክሌት ምግብ እያደረሰ የሚተዳደር ወጣት ነው። «ጋሼ፣ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ጎማ ተነፈሰብኝ፤ የምለጥፍበት ልጥፍ አይረባም» አለኝ።

ሄጄ አየሁት። ልጥፉ አልለቀቀም። በአጠገቡ ግን እባብ የነደፈው የሚመስሉ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ነበሩ። ይህ የሚሆነው ንፋሱ ያነሰ ጎማ ጉድጓድ ሲመታና የውስጥ ጎማው ከቸርኬው ጋር ሲቆነጠጥ ነው። ለካ ልጁ ንፋሱን የሚለካው በአውራ ጣቱ ነበር!

ነገሩ ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው እንደ ኮንትራክተር ነው። ለቆመበት ሰዓት የሚከፍለው የለም፤ የጥገናውም ወጪ ከኪሱ ነው።

እንግዲህ ልጥፉ ከያዘ በኋላ የውጭውን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ይዳብሱ፤ የበሳው ሚስማር ወይም የጠርሙስ ስባሪ እዚያው ሊሆን ይችላል። የውስጥ ጎማው ቅርጹን እስኪይዝ ጥቂት ንፋስ ሰጥተው ያስገቡት። ከገባ በኋላ በትንሹ ነፍተው ያቁሙና ዙሪያውን በሁለቱም በኩል ይመልከቱ። በጎማው ጠርዝ ሥር የተቆነጠጠ ካለ ሲሞላ ይፈነዳል። ቫልቩም ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

ስንት ይሞላ? መልሱ በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ቀጭን የመንገድ ጎማ ከ80 እስከ 120 ፒ.ኤስ.አይ. ሊጠይቅ ይችላል፤ ወፍራም የተራራ ጎማ ደግሞ ከ30 እስከ 60። ከተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር አይለፉ። ከኋላ ዕቃ የሚጭኑ ከሆነ ለኋላው ጎማ ጥቂት ይጨምሩለት። በነዳጅ ማደያ መንፊያ ሲጠቀሙ ይጠንቀቁ፤ ለመኪና የተሠራ ስለሆነ ጠባቡን የቢስክሌት ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል።

የቢስክሌት ጥገና ለመክፈት ለሚያስቡ ወገኖችም አንድ ቃል አለኝ። ብዙዎቻችን በቅድሚያ የምንጨነቀው ስለ ታፔላውና ስለ ቢዝነስ ካርዱ ነው። እኔ ግን ከታፔላው በፊት መለኪያ ያለው የእግር መንፊያ ይገዛ እላለሁ። «ለጥቂት ዶላር ሥራ ይህ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው?» የሚሉ አይጠፉም። ጣጣውማ ያሠራው ደንበኛ በማግሥቱ ቢስክሌቱን እየገፋ ሲመለስ ነው። ያውም ከተመለሰ! አለዚያ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ሲሄድም ለጓደኞቹ ሁሉ ይነግራል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። መለጠፍ ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ ንፋሱ ነው። ልጁ አሁን መለኪያ ገዝቷል፤ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመውጣቱ በፊት ሁለቱንም ጎማ ይለካል። እናንተስ?