ብሬስ ያደረገችን እህት ከመገሠጻችን በፊት



ጥርሱ ላይ ብሬስ ያደረገ ወንድም ወይም እህት ወደ ጀመዓ ሲመጣ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ «ይህ የአላህን አፈጣጠር መቀየር አይሆንም ወይ?» መባሉ አይቀርም። የእውነት ጥያቄ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ጥያቄ የሚመስል ፍርድ ነው። ኒቃብ ስለምትለብስ አንዲት እህት ደግሞ «ፊቷን ሸፍና ለማን ልታሳየው ነው?» ሲባል ሰምቻለሁ። ተናጋሪው ብሬስ ለመታየት ካልሆነ በቀር ሌላ ጥቅም እንደሌለው እርግጠኛ ነው። ይህን የምጽፈው በዚያ እርግጠኝነት ምክንያት ነው፤ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ልጆች በእንዲህ ዓይነት ቃል ተሸማቀው ሲተዉት ስለማይ።

መነሻ የሚደረገው ሐዲስ ሶሒሕ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ከሚነቀሱትና ቅንድባቸውን ከሚያስነቅሉት ጋር ለውበት ብለው በጥርሳቸው መካከል ክፍተት የሚያበጁ ሴቶችም ተረግመዋል፤ የአላህን አፈጣጠር መቀየርም ተብሏል። መድረሳ የገባን ሁሉ ሰምተነዋል። ነገር ግን «ለውበት» የምትለዋን ቃል ዘለን የምናልፍ ብዙ ነን።

ኢማም ነወዊ በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ቆም ያሉት እዚህችው ቃል ላይ ነው። ድርጊቱን ሲያስረዱ፣ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ልጅ ለመምሰል የፊት ጥርሳቸውን በሞረድ እየሞረዱ ያራርቁት እንደነበር ይገልጻሉ። ቀጥለውም ክልከላው ውበት ተፈልጎ በሚደረገው ላይ መሆኑን፣ ለሕክምና ወይም በጥርስ ላይ ላለ ነውር ካስፈለገ ግን ችግር እንደሌለው ይናገራሉ። እርሳቸው ያረፉት በ676 ዓመተ ሂጅራ ነው። ብሬስ ሳይታሰብ ልዩነቱ ተጽፎ ተቀምጧል ማለት ነው። በሀገራችን የሻፊዒይ መዝሀብ ኪታቦች ምን ያህል እንደሚቀሩ ለምናውቅ ደግሞ ነወዊ እንግዳ ሰው አይደሉም።

ከዚህም ጋር የዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ ከብር የተሠራ አፍንጫ ቢያደርጉ ሸተተባቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ወርቅ ለወንድ ክልክል መሆኑን እያወቅን ይህን ስናነብ፣ የጎደለውን መጠገን ከመቀየር ጋር አንድ አለመሆኑ ይገባናል።

እዚህ ላይ የሀገራችን ነገር ትንሽ ያስቃል። እኛ ዘንድ ፍንጭት የቁንጅና ምልክት ነው፤ ድርብ ጥርስም ይወደሳል። ጤነኛ ጥርሷን አስሞርዳ ፍንጭት የምታሠራ ካለች ሐዲሱ በቀጥታ የሚያገኘው እሷን ነው። ጤናዋን የማይነካ ፍንጭት እያላት፣ በስልክ ያየችው ፈገግታ ስላማራት ብቻ ልትዘጋው የምትፈልግም ቆም ብላ ትጠይቅ። ሸይኽ ኢብኑ ዑሠይሚን ነውርን በማስወገድና ውበትን በመጨመር መካከል የለዩት ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያውን ፈቅደው ሁለተኛውን ከልክለዋል። ስለዚህ ብሬስ ሁሉ ይፈቀዳል እያልኩ አይደለም። ፍርዱ የተንጠለጠለው በምክንያቱ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ያለው የሰው አፍ ውስጥ ነው። ሶፍ ላይ አጠገቡ የቆመ ሰው አያየውም።

ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉት ብዙ ናቸው። የተነባበረ ጥርስ ብሩሽም መፋቂያም በደንብ አይደርስበትም፤ ቆሻሻው ሲጠራቀም ጥርሱ ይበሰብሳል፣ ድዱ ይደማል። ገጣጣ የምንለው ወደ ፊት የወጣ ጥርስ በመውደቅና በኳስ ሜዳ ግጭት ቶሎ ይሰበራል። አንዳንዱ ሰው አፉን ሲገጥም የታችኛው ጥርሱ የላይኛውን ላንቃ ይወጋዋል። አንዳንዱ ደግሞ ክራንቻው አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ሳይወጣ ስለቀረ፣ በብሬስ ቀስ ተብሎ ይጎተትለታል። ከእነዚህ ብዙዎቹን ከውጭ ስታዩ «ጥርሱ ምን ሆነና?» ትላላችሁ። ኒቃብ የምትለብስ እህትም የምታኝከው እንደማንኛችንም በጥርሷ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ትምህርት ልሳባችሁ፤ ሁለተኛው ትልቅ ስሕተት ያለው እዚያ ነውና። ብዙ ሰው ብሬስ ጥርስን በጉልበት የሚገፋ፣ በጠበቀ ቁጥር የሚፈጥን ይመስለዋል። «ለምረቃዬ ፎቶ እንዲደርስ ጠበቅ አድርግልኝ» ብሎ ሐኪም የሚለምንም አለ። ጥርስ ግን አጥንት ውስጥ እንደ ምሰሶ በሲሚንቶ የተቀበረ አይደለም። ሥሩን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ጥርሱ ቀስ ተብሎ ሲገፋ፣ በተጫነው በኩል ያለውን አጥንት የሰውነት ሕዋሳት ያሟሙታል፤ በተለጠጠው በኩል ያሉት ሌሎች ሕዋሳት አዲስ አጥንት ይገነባሉ። ሽቦው ምልክት ይሰጣል፤ ሥራውን የሚሠራው አላህ በሰውነታችን ውስጥ ያስቀመጠው ሥርዓት ነው። ለአንድ ጥርስ የሚበቃው ኃይል በአብዛኛው ከ50 እስከ 100 ግራም ክብደት ያህል ነው፤ አንድ ሁለት እንቁላል እንደማለት። ፍጥነቱም በወር 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ኃይሉ ከበዛ እነዚያን ክሮች የሚመግቡት የደም ሥሮች ይታፈናሉ፤ ጥርሱ ባለበት ይቆማል፣ ሥሩም ሊያጥር ይችላል። ማጥበቅ ያዘገያል ማለት ነው።

የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የምትወዱት ነገር ሽቦው ራሱ ነው። ተራ ስፕሪንግ በተለጠጠ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል፣ ሲመለስም ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገባው ሽቦ ግን ከኒኬልና ከታይታኒየም የተሠራ ኒቲኖል ነው፤ በስፋት ተለጥጦ እንኳ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚሰጠው ኃይል እምብዛም አይለዋወጥም። እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ በአሜሪካ የባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ቤተ ሙከራ የተገኘ ሲሆን፣ የስሙ መጨረሻም ከዚያ ቤተ ሙከራ የእንግሊዝኛ ስም የተወሰደ ነው። ወደ ጥርስ ሕክምና የገባው በ1970ዎቹ ነው።

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል። በየጥቂት ሳምንቱ መመላለስም አለበት። ስለዚህ የመጨረሻ ዓመት ላይ ያላችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ከምረቃ በኋላ የት እንደምትሆኑ አስቡ፤ የዘርፉ ስፔሻሊስት በብዙ ከተሞቻችን የለም። ሽቦው ከወጣ በኋላም ጥርስ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይሞክራል። ሐኪሙ የሚሰጠውን መያዣ፣ ሪቴይነር የሚባለውን፣ «ጨርሻለሁ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚጥል ሰው የሁለት ዓመት ገንዘቡን አብሮ ይጥላል። ዕድሜዬ አልፏል የምትሉም አትቸገሩ፤ ድድና አጥንቱ ጤነኛ ከሆነ አዋቂም ይታከማል።

በርግጥ ልንቃወመው የሚገባ ብሬስም አለ። በታይላንድ፣ በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ሐኪም ባልሆኑ ሰዎች ለጌጥ ብቻ የሚለጠፍ ብሬስ ፋሽን ሆኖ ነበር። ምንም የማያስተካክል፣ ጥርስን የሚጎዳ፣ አንዳንዱም ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጥ ካያችሁ አትንኩት።

ዒባዳን በተመለከተ የሚነሣው ስጋት ከሚገባው በላይ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ አፍን መጉመጥመጥ በውዱእም በጉስልም ሱና ነው። ግዴታ ነው በሚሉት ዘንድም ውኃው በሽቦው መካከል ያልፋል፤ የተጣበቀውን ንቀሉ የሚላችሁ የለም። በረመዳን ሽቦ ማስጠበቅ በራሱ መብላትም መጠጣትም አይደለም፤ የሚያሰጋው በሕክምናው ጊዜ ውኃ መዋጥ ነው። ቀጠሮውን ከረመዳን በፊት ወይም ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይህን ይገላግላል። ሽቦው በጠበቀ ማግሥት ሁለት ሦስት ቀን ስለሚያም፣ ማስታገሻውን በሌሊት መውሰድም ይቀላል። ቆሎ፣ ሸንኮራና አጥንት መጋጥ ለጊዜው ይቅሩ፤ ብረቱን ያላቅቁታል። ተምር ግን አትተዉም፤ ፍሬውን አውጥታችሁ ቆርጣችሁ ብሉ፣ ሽቦው ላይ ስለሚጣበቅም ወዲያው ተጉመጥመጡ። ከሱሑር በኋላ በትንሿ ብሩሽ ሳታጸዱ አትተኙ፤ የተሰነቀረው ምግብ እስከ መግሪብ እዚያው ይውላልና። ወላሁ አዕለም።