ሳይንስ ለኑሯችን፦ ቁልቁለቱን ምን ይዞት ቆመ?



ከዲላ ተነስቶ ወደ ቡሌ ለሚወጣ ሰው አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ ቡና አለ፤ እንሰት አለ፤ ቤትም አለ። ታዲያ ይህ ሁሉ አፈር ለምን ተንሸራቶ አይወርድም? ምን ይዞት ቆመ?

እስቲ በመጀመሪያ አንድ ጆንያ ቡና እንመልከት። ጆንያው መሬት ላይ ተቀምጧል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ኃይሎች ይሠሩበታል። ምድር ወደ ታች ትስበዋለች። የተቀመጠበት መሬት ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለቱ እኩል ስለ ሆኑ ጆንያው ባለበት ይቆያል። ይህ የኃይሎች ሚዛን ይባላል።

አሁን ደግሞ አንድ ጣውላ አምጡና ድንጋይ አስቀምጡበት። የጣውላውን አንድ ጫፍ ቀስ እያላችሁ አንሱ። ድንጋዩ ወዲያው አይወርድም። የሚይዘው ኃይል አለ። ይህ ኃይል ሰበቃ ይባላል። ድንጋይና ጣውላ ሲነካኩ የሚፈጠር ነው። ጣውላውን ይበልጥ ስታነሱት ግን ድንጋዩን ቁልቁል የሚስበው ኃይል ይበረታል። ሰበቃው ሲሸነፍ ድንጋዩ ይንሸራተታል። ሚዛኑ ፈረሰ ማለት ነው።

ቁልቁለትም እንደዚሁ ነው። ክብደቱ አፈሩን ቁልቁል ይስበዋል። ሰበቃና የዛፍ ሥር ደግሞ ይይዙታል። የያዘው ኃይል እስከ በለጠ ድረስ ተራራው ይቆማል።

ይህን ሚዛን ምን ያፈርሰዋል? አንደኛው ብዙ ዝናብ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የተሸከመ ሰው ይህን በጀርባው ያውቀዋል። ውሃ የጠጣ አፈር ይከብዳል። በዚያ ላይ ውሃው በአፈሩ መካከል ገብቶ መያዣውን ያላላዋል። ስለዚህ የሚስበው ኃይል ሲጨምር የሚይዘው ይቀንሳል። ሁለተኛው የሰው እጅ ነው። ለቤት ብለን የዳገቱን ግርጌ ስንቆርጥ፣ ከላይ ያለውን አፈር የደገፈውን እናነሳበታለን። ዛፉን ስንመነጥር ደግሞ ማሰሪያውን እንፈታለን።

የጌዴኦ አባቶችና እናቶች ይህን በሥራ አሳይተዋል። ከላይ እንደ ዋንዛና ብርብራ ያለ ትልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። ቅጠሉ የዝናቡን ምት ይቀንሳል፤ ሥሩ አፈሩን ያስራል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሆኖም ዛፍ ብቻውን ሁሉን አይችልም። መሬቱ ከሥሩ በታች ካለው ጥልቀት ከተነሳ ዛፉም አብሮ ይሄዳል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን አንርሳ። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ናዳ ወርዶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤት ለማውጣት የሮጡትንም ሌላ ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። አንድ ናዳ ወረደ ማለት ተራራው ሚዛኑን አገኘ ማለት አይደለም።

ስለዚህ፦

የጎርፍ መውረጃ ቦይ ቆፍረን ውሃውን ከቤትና ከዳገት እናርቅ።

የዳገት ግርጌ አንቁረጥ። የተቆረጠ ዛፍ በሌላ እንተካ።

መሬት ከተሰነጠቀ፣ ዛፍ ወይም አጥር ከዘመመ፣ አዲስ ምንጭ ከፈለቀ ወይም ምንጭ ከደፈረሰ፣ ልጆችንና አዛውንቶችን ይዘን ቶሎ እንውጣ። ለጎረቤትና ለቀበሌ እንናገር።

ሰው ለማውጣት ስንቆፍር ተራራውን የሚጠብቅ ሰው ከአደጋው ቦታ ራቅ ብሎ ይቁም። አፈር ሲነቃነቅ ካየ ይጩህ፤ ሁሉም ይሽሽ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ተራራው ሚዛኑን ከመሳቱ በፊት ምልክት የሚያሳይበት ጊዜ አለ። ምልክቱን ማየትና መስማት የእኛ ፋንታ ነው።

ተወያዩበት፦

1. ጆንያው ላይ የሚሠሩት ሁለት ኃይሎች ምንና ምን ናቸው?

2. ዝናብ የቁልቁለትን ሚዛን በምን በምን ያፈርሳል?

3. በቀበሌያችሁ ግርጌው የተቆረጠ ዳገት አለ? ከበላዩና ከበታቹ ማን ይኖራል?