የመርፌ መጠን በግምት አይሰጥም

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል የሚነዳው፣ ከወሎ ደጋ እህል ጭኖ የሚወርደው እዚያ ይገናኛል፤ የታመመም ካለ በዚያው ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ይላል። ኦሮምኛ፣ አማርኛና አፋርኛ በሚነገርባት በዚህች ከተማ ነርሷ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ «መሐመድ!» ብላ ብትጣራ፣ ሦስት ሰው «አቤት» ሊል ይችላል። የመድኃኒት ስህተት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ካለው ቦታ ነው።

ሥጋቱን የሚያከብደው ወባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ሲያዙ 1 ሺህ 157 ሞተዋል። ሕሙማን ሲበዙ ጥድፊያ ይበዛል፤ ጥድፊያ ደግሞ ስሌት ያሳስታል።

ለከባድ ወባ የሚሰጠውን አርቴሱኔት እንመልከት። ክብደቱ ከ20 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ሕፃን በኪሎ 3 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ የሆነ ሰው 2 ነጥብ 4 ሚሊ ግራም ይሰጠዋል። ስለዚህ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 30 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። ባለ 60 ሚሊ ግራሙ ዱቄት በቢካርቦኔት ከሟሟ በኋላ በደም ሥር ለመስጠት ሲቀጠን ይህ መጠን 3 ሚሊ ሊትር፣ በጡንቻ ለመስጠት ሲዘጋጅ ግን 1 ነጥብ 5 ሚሊ ሊትር ነው። ሁለቱ ከተምታቱ ሕፃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ መጠን ይወስዳል። ሕፃኑ ሳይመዘን በዓይን ግምት ከተሰጠውም ያው ነው።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ነርሷ ሕመምተኛውን ሙሉ ስሙን ከእነአባቱ ራሱ እንዲናገር ጠይቃ ከካርዱ ጋር ታመሳክር፤ መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ የሚሰጥበትን መንገድና ሰዓቱን ታረጋግጥ። ስሌቱን ሌላ ባለሙያ ይይላት፤ እንደሰጠችም ወዲያው ትመዝግብ። ቋንቋ ካላግባባ አስተርጓሚ ይፈለግ።

ጥፋቱን ሁሉ በነርስ ላይ መጫን ግን ተገቢ አይደለም። ሚዛን የሌለው ክፍል፣ የማይነበብ ትእዛዝ፣ እንቅልፍ ያጣ ተረኛ ካሉ ስህተቱ መደገሙ አይቀርም። የሚሳሳትን ባለሙያ የሚያስፈራራ ኃላፊም ስህተቱ እንዲደበቅ እንጂ እንዲታረም አያደርግም።

እርስዎም «ሲስተር፣ ይህ መርፌ ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከዚህ በፊት ያልተስማማዎት መድኃኒት ካለ አስቀድመው ይናገሩ። መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየብዎ ሳይዘገዩ ለባለሙያ ያሳውቁ።