ባሕር በሌለበት ቆላም የፕላስቲክ ብናኝ ያሳስባል

በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሕዝቦች በሚመገቧቸው ዛጎል ለበስ እንስሳት ውስጥ የፕላስቲክ ብናኝ እንደሚገኝ በየጊዜው ይነገራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እነዚህ እንስሳት ምግባቸውን የሚያገኙት ውኃ በማጣራት ስለሆነ በውኃው ያለውን ብናኝም አብረው ያስቀራሉ። ሰው ደግሞ ብዙዎቹን ከነሆድ ዕቃቸው ይበላቸዋል። ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንሰው ይህ ብናኝ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል።

«ባሕር ለሌለን ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ነዋሪዎች ይህ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና ነገሩ የባሕር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የዝዋይ ሐይቅ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ሆድ ዕቃ ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣት አግኝቷል። የእኛው ጓንግ ወንዝም ክረምት ሲሞላ በዳርቻው የጣልነውን ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ እየጠረገ ወደ ሱዳን ይሻገራል። በዚያም አትባራ ተብሎ ከዓባይ ይቀላቀላል። ስለዚህ ዓሣ ስንበላ ሆድ ዕቃውን በሚገባ አውጥተን ማጠብ ይገባናል።

በእኔ እምነት ግን የቆላው ሰው ዋነኛ ሥጋት ከዓሣው ይልቅ የሚበላበትና የሚጠጣበት ዕቃ ነው። ፕላስቲክ ፀሐይና ሙቀት ሲበዛበት ይሰነጣጠቃል፤ ብናኙንም ለያዘው ምግብና ውኃ ያካፍላል። በአካባቢያችን በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያልፍ፣ ጀሪካን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ትኩስ ሽሮ በፌስታል ይቋጠራል።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ የጣሊያን ጥናት በአንገት የደም ሥራቸው ስብ ውስጥ ፕላስቲክ የተገኘባቸው ሕሙማን ከሌሎቹ ይልቅ ለድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ለስትሮክና ለሞት ከአራት እጥፍ በላይ ተጋልጠው አግኝቷቸዋል። ጥናቱ ዝምድናውን እንጂ ፕላስቲኩ መንስኤ መሆኑን አላረጋገጠም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት በመጠጥ ውኃ ረገድ ቀዳሚው አደጋ አሁንም ተሕዋሲያን መሆናቸውን አስገንዝቧል።

ይህ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በኩመር የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ተከስቶ ነበር። ስለሆነም ማንም ሰው ፕላስቲክን ፈርቶ ውኃ ማፍላቱን ወይም በመድኃኒት ማከሙን እንዳይተው አደራ እላለሁ። ንጹሕ ጀሪካን ካልተጣራ የወንዝ ውኃ እጅግ ይሻላል።

ከብናኙ የሚብስ ሌላም አደጋ አለ። የፀረ-አረምና የፀረ-ተባይ ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ አጥቦ ውኃ መቅጃ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ኬሚካሉ ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ በሳሙናም ሆነ በአመድ ቢታጠብ አይለቅም። እንዲህ ያለው ዕቃ ተበስቶ ከአገልግሎት ውጭ መሆን አለበት። ከእንዲህ ዓይነት ዕቃ ጠጥቶ ያስመለሰው፣ ምራቁ የበዛ ወይም ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ኃላፊነቱ ግን የሠራተኛው ብቻ ሊሆን አይችልም። ሠሊጥ ሊያጭድ ከደጋ የወረደ ወጣት የሚጠጣበትን ዕቃ አይመርጥም፤ የቀረበለትን ይጠጣል። እርሻው ለሠራተኛው ማረፊያና ቀለብ እንደሚያዘጋጅ ሁሉ፣ የታከመ ውኃ በንጹሕ ዕቃ፣ በዳስ ጥላ ሥር ማቅረብም ግዴታው ሊሆን ይገባል። የወረዳ ጤናና ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም አጨዳው ከመጀመሩ በፊት ይህን እርሻ ለእርሻ እየዞሩ ቢያዩ ብዙ ሕመም ይቀንሳል።

በየቤታችንም ልናደርገው የምንችለው አለ። የመጠጥ ውኃን ክዳን ባለው እንስራ ማስቀመጥ፣ በእጀታ ባለው ንጹሕ መቅጃ መቅዳት፣ ጀሪካንን ከፀሐይ ማራቅ፣ የተሰነጠቀውን መለወጥ፣ ትኩስ ምግብን በሳህን ወይም በብረት ዕቃ መያዝ ይቻላል። እንስራው ውኃውን ያቀዘቅዛል፤ ብዙ ወጪም አይጠይቅም። ፕላስቲክ ማቃጠል ግን መፍትሔ አይደለም፤ ጭሱ ሳንባን ይጎዳልና።