የሲኒያችን ስምና የሸክላ ሠሪያችን ስድብ

“ቻይና ረከቦታችንን ሳይቀር ወረረችው!” የሚለው እሮሮ በተማረው ከተሜ ዘንድ እየተዘወተረ መጥቷል። እሮሮው ግን ታሪክን አላገናዘበም። ከግራና እስከ መርሳ፣ ከወልዲያ እስከ አዲስ አበባ አቦል የሚቀዳበት ዕቃ ስሙ ራሱ ምስክር ነው፤ “ሲኒ” ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜውም “ቻይናዊ” ማለት ነው። ወራሪ የተባለው እንግዳ ስሙን ይዞ ከቤታችን ከገባ ዘመናት አልፈዋል።

የቻይናዋ ጂንግደዠን ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከፋርስ በሚመጣ ኮባልት ያጌጠ ሰማያዊና ነጭ ዕቃ ለባዕድ ገበያ ታቀርብ ነበር። የገዢዋንም ፍላጎት ጠንቅቃ ታውቅ ነበር፤ በንጉሥ ዠንግደ ዘመን (ከ1506 እስከ 1521 እ.ኤ.አ.) የዐረብኛ ጽሑፍ ያለባቸው ዕቃዎች ተሠርተዋል። እኛም ከዚያ ዓለም ተነጥለን አልኖርንም። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ የተካሄደውና ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ቁፋሮ ከቻይና የመጡ ቅርሶችን አስገኝቷል።

ታዲያ ሌሎች ገዢዎች ምን አደረጉ? ቱርኮች በኢዝኒክ፣ ሆላንዶች በዴልፍት መልኩን አስመስለው ሠሩ። ጀርመኖች ምሥጢሩን ደርሰውበት በ1710 እ.ኤ.አ. በማይሰን ፋብሪካ አቋቋሙ። እኛ ገዝተን ጠጣን።

አፈር አጥተን ነውን? አይደለም፤ የፖርሴሊን ዋና አፈር የሆነው ካኦሊን በጉጂ ቦምቦውሃ አለ። ባለሙያ አጥተን ነውን? ይህም አይደለም፤ ከዚያው ረከቦት አጠገብ የሚቀመጠው ጀበና የእናቶቻችን እጅ ሥራ ነው። ያጣነው ክብር መስጠትን ነው። ጀበናውን የሠራችውን ሴት “ቡዳ” ብለን ሰደብናት። በጎንደር ወለቃ ከቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ገዝተን ከእነርሱ ግን ሸሸን። ነገሩ ቢከፋ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደረሱ። ዐዋጁ አንደበትን ቢገታ እንኳ ልብን አልገራም።

“ድህነት ነው” የሚል ይኖር ይሆናል። ድህነትማ አለ፤ ነገር ግን የተሰደበ ሙያ ለልጅ አይወረስም፣ ያልተወረሰ ሙያም አያድግም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ እኛም የያዝነውን ሳናከብር የሰው እናደንቃለን።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ እሮሮውን ከቤጂንግ እናንሣና ወደ ራሳችን እንመልሰው። ሸክላ ሠሪዋ የሥራዋን ዋጋ ታግኝ፤ ልጇ ሙያዋን በኮሌጅ ይማር፤ የካኦሊኑን ምድጃም ይቆጣጠር። ይህን ሳናደርግ ሲኒውን መውቀስ ከንቱ ነው።